ጥርስ፣ ወሬና ምርጫ



ርእሱን ስትሰሙ ግር ያላችሁ አትጠፉም። ጥርስ የሐኪም ነው፤ ወሬ የጋዜጠኛ፤ ምርጫ ደግሞ የፖለቲከኛ። ሦስቱን ምን አገናኛቸው? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። መገናኛ ብዙኃን የሰውን ሐሳብ እንዴት እንደሚያዞሩ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ትምህርት፣ ከመሠረቱ ድንጋዮች አንዳንዶቹ በጥርስ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። ይህን እውቀት ወደዚህ ወደ ጌዴኦ ዞን ስናመጣው ደግሞ ከምርጫ ቅስቀሳ በፊት ከጥርስ ብንጀምር ይበጀናል ባይ ነኝ።

እግረ መንገዴን ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ቃል፦ «ዓ.ም.» ስል በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የቀረው ሁሉ በአውሮፓውያኑ ነው።

በአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርል ሆቭላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ አንድ የምርምር ቡድን ይመራ ነበር። ሰውየው በጦርነቱ ጊዜ ለወታደሩ የሚታዩ ፊልሞች የወታደሩን አስተሳሰብ ለውጠው እንደሆነ ሲያጠና የቆየ ነው። ሰላም ሲሆንም ጥያቄው አልለቀቀውም፤ ሰው በንግግር የሚለወጠው መቼ ነው? በ1953 ከቡድኑ ሁለቱ፣ ኧርቪንግ ጃኒስና ሲሞር ፌሽባክ፣ ፍርሃት ያሳምናል ወይ የሚለውን ለመፈተን ተነሡ። ለመፈተኛ የመረጡት የጥርስ አያያዝን ነው።

200 ያህል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአራት ቡድን ከፈሉ። ሦስቱ ቡድኖች ስለ ጥርስ አያያዝ የ15 ደቂቃ ገለጻ በሥዕል ተደግፎ ተሰጣቸው፤ አራተኛው ለማነጻጸሪያ ስለ ዓይን ሰማ። ለሦስቱ የተሰጠው ምክር አንድ ነበር። ልዩነቱ በማስፈራሪያው መጠን ላይ ነው። የመጀመሪያው ቡድን የበሰበሰ ጥርስና የቆሰለ ድድ ፎቶ እያየ፣ ጥርሱን ችላ ያለ ሰው ሽባ ሊሆን፣ ዓይኑ ሊጠፋ፣ ካንሰር ሊይዘው እንደሚችል ተነገረው። ሁለተኛው መጠነኛ ማስፈራሪያ አገኘ። ሦስተኛው ግን ስለ ጥርስ መቦርቦር በተረጋጋ ድምፅ ተነገረው፤ ያየውም የጤነኛ ጥርስ ሥዕልና ራጅ ነው።

ገለጻው እንዳበቃ ክፉኛ የፈራው ቡድን ከሁሉም በላይ ተጨንቆ ነበር፤ ገለጻውንም አድንቋል። የዚያን ዕለት የተጠየቀ ሰው «ማስፈራራት ሠራ» ብሎ ሪፖርት ይጽፍ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን በተነገራቸው መሠረት አያያዛቸውን ያሻሻሉት፣ ክፉኛ ከፈሩት ውስጥ 8 በመቶ፣ በመጠኑ ከፈሩት 22 በመቶ፣ በዝግታ ከተነገራቸው 36 በመቶ ሆነው ተገኙ። ሌላም ነገር ነበር። ተማሪዎቹ ቀደም ብለው የሰሙትን የሚቃረን መልእክት በኋላ ሲቀርብላቸው፣ ከሁሉ የበለጠ ያልተወናበደው በዝግታ የተነገረው ቡድን ነው።

እንደ ሬዲዮ አዘጋጅ ሆናችሁ አስቡት። ዝግጅታችሁን ሰው ሁሉ ይሰማዋል፤ አስተያየት ይጎርፋል፤ «ልባችንን ነካው» ይሏችኋል። በሳምንቱ ግን ማንም አንዳች ነገር አላደረገም። የአድማጭ ብዛትና የአድማጭ ለውጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንዲህ አድርጎ ያሳየ ጥናት ብዙ የለም።

ነገሩን ከልኩ በላይ እንዳላጋንነው ደግሞ ልጨምር። ከጃኒስና ከፌሽባክ በኋላ የመጡ ጥናቶች ፍርሃት ጨርሶ አይሠራም አይሉም። በ1965 እዚያው የል ውስጥ ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲወስዱ ለመገፋፋት ሞከሩ። ስለ በሽታው አስፈሪነት ብቻ ከተነገራቸው የተከተቡት 3 በመቶ ያህል ናቸው። ክሊኒኩ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ተሰጥቷቸው፣ በየትኛው ሰዓት ቢሄዱ እንደሚመቻቸው አስበው እንዲወስኑ የተደረጉት ግን 28 በመቶ ሄዱ። ልጆቹ የዚያው ግቢ ተማሪዎች ስለነበሩ ክሊኒኩን አያውቁትም ማለት አይቻልም። የጎደላቸው «ማክሰኞ ከክፍል ስወጣ ጎራ እላለሁ» የሚል ቁርጥ ሐሳብ ነበር። የሚያስፈራ ነገር ተነግሮት መውጫው ያልተነገረው ሰው ወይ ጆሮውን ይዘጋል፣ ወይ ይሸሻል፣ ወይም ደግሞ የሚጠላው ሰው ይፈልጋል። የመጨረሻዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ የል አላላትም። ግን የምንኖርበት አገር ያስተምራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሙከራ ልለፍ፤ ለእኔ የበለጠ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። በኮሪያ ጦርነት ከተማረኩት አሜሪካውያን ወታደሮች 21 የሚሆኑት ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገራችን አንመለስም አሉ። አገሩ ደነገጠ። ብዙዎች ያመጡት መድኃኒት «ልጆቻችንን ስለ አገራችን መልካምነት አብዝተን እናስተምር» የሚል ነበር። ዊልያም መጓየር የሚባል ወጣት ተመራማሪ ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ምናልባት እነዚህ ወታደሮች የተሸነፉት እምነታቸው ሲነቀፍ ሰምተው ስለማያውቁ ይሆን? በሽታ ባልደረሰበት ንጹሕ ቦታ ያደገ ሰው ክፉ በሽታ ሲመጣ እንደሚወድቅ ሁሉ፣ ተነቅፎ የማያውቅ እምነትም በመጀመሪያው ጥቃት ይፈርሳል ብሎ ገመተ።

ይህን በፖለቲካ እምነት ላይ መፈተን አይመችም፤ በፖለቲካ ሁሉም ሰው ትንሽም ቢሆን ተከራክሯል። መጓየር ማንም ነቅፎት የማያውቅ እምነት ያስፈልገው ነበር። ያገኘውም «ሰው ምግብ በበላ ቁጥር ከተቻለው ጥርሱን ይቦርሽ» የሚለውን ነው። ከዚህ ጋር ሌሎች ጥቂት የጤና እምነቶችን አሰልፎ፣ ከዲሜትሪዮስ ፓፓጌዮርጊስ ጋር ጥናቱን በ1961 አሳተመ።

ተማሪዎቹ በእነዚህ እምነቶች ምን ያህል እንደሚስማሙ ከ15 ነጥብ ይሰጣሉ። ጥቃት ያልደረሰባቸው 12.62 ሰጡ። «አዘውትሮ መቦረሽ ጎጂ ነው» እንደሚለው ያለ በደንብ የተጻፈ መከራከሪያ ያነበቡት ወደ 6.64 ወረዱ። ዕድሜ ልካቸውን የሰሙትን ነገር በአንድ ወረቀት ተዉት ማለት ነው! ከጥቃቱ አስቀድሞ እምነቱን የሚደግፍ ነጥብ ብቻ የሚደረድር ጽሑፍ ያነበቡት ወታደሮቹን ሊያድን እንደታሰበው ያለ ትምህርት ነበር ያገኙት፤ ውጤታቸው 7.39 ሆነ፤ ምንም ካላነበቡት እምብዛም አልተሻሉም። ከጥቃቱ በፊት የተቃዋሚውን ነጥብ በደካማ መልኩ ከነመልሱ የሰሙት ግን 10.33 ላይ ጸኑ።

ነገሩ ከጥርስ ወደ ፖለቲካም ተሻገረ። ማይክል ፋው እና ማይክል በርጉን በ1986ቱ የደቡብ ዳኮታ የሴኔት ምርጫ ላይ፣ መራጮች በዕጩአቸው ላይ ሊመጣ የሚችለውን የስም ማጥፋት አስቀድመው ቢሰሙት ይጸኑ እንደሆነ ፈትነው አዎንታዊ ውጤት አግኝተዋል። ዛሬ ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐሰት ወሬ ላይ የሚሠሩት ሥራ የመጓየር ልጅ ነው። በ2018 ያወጡት አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫዋቹን ራሱን ሐሰተኛ ዜና ፈብራኪ ያደርገዋል፤ ዘዴውን በእጁ የሠራ ሰው ሌላው ሲሠራበት ያውቀዋልና።

የእኛን መገናኛ ብዙኃን በዚህ መለኪያ ስመዝናቸው ቅር ይለኛል። በየምርጫው፣ በየዘመቻው፣ በየበዓሉ የምንሰማው ያን የ7.39 ትምህርት ነው፤ «አንድነት መልካም ነው፣ ሰላም መልካም ነው፣ አብሮ መኖር ባህላችን ነው።» እውነት ነው። ግን ነገ አንድ ሰው በፌስቡክ ቀጥታ ስርጭት ገብቶ «አብሮ መኖር ያላችሁት እኮ እናንተን ለማጥፋት ነው» ሲል፣ ያንን ክርክር ከመልሱ ጋር ሰምቶ የማያውቅ አድማጭ የሚይዘው ነገር የለውም። አገሪቱ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥታለች። አዋጅ ተናጋሪውን ሊቀጣ ይችላል፤ ሰሚውን አያጠናክርም።

እስካሁን ጥርስን ማንም የማይጣላበት ነገር አድርጌ ነው ያወራሁት። ይህ ግን ሙሉ እውነት አይደለም፤ ጥርስም ፓርቲ ሊኖረው ይችላል። በ1945 የአሜሪካዋ ግራንድ ራፒድስ ከተማ ጥርስ እንዳይቦረቦር ብላ በመጠጥ ውኃዋ ላይ በልክ ፍሎራይድ ጨመረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጉዳዩ የጤና መሆኑ ቀርቶ የፖለቲካ ሆነ፤ «የኮሚኒስቶች ሴራ ነው» የሚሉም ተነሡ። ያ ክርክር እስከ ዛሬ አልሞተም፤ በ2025 የዩታ ግዛት በውኃ ላይ ፍሎራይድ መጨመርን በሕግ ከልክላለች። የካናዳዋ ካልጋሪ ደግሞ በ2011 በምክር ቤት ድምፅ መጨመሩን አቆመች። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍሎራይድ መጨመሯን ከቀጠለችው ከኤድመንተን ጋር እያነጻጸሩ የልጆቹን ጥርስ ተከታተሉ። የካልጋሪ ልጆች ጥርስ የባሰ እየተቦረቦረ መሆኑ ታየ። በ2021 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 62 በመቶው «ይመለስ» አለ፤ በ2025ም ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲ በከተማው የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ገብቶ፣ ወገን ሳይዝ፣ በየአፉ የተቆጠረ ጥርስ ይዞ ሲቀርብ እንዲህ ነው።

የእኛ ታሪክ ተገላቢጦሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ እንዳይኖር ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቋችን ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የጉድጓድ ውኃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ጥርሳቸው በልዞ፣ ጀርባቸው ደርቆ፣ መጎንበስ እስኪያቅታቸው መድረሳቸውን በ1980ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በጥናት አሳይተዋል። ጌዴኦ ራሱ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለ አገር ነው። ወደ ቡሌ ሽቅብ ሲወጡ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳሉ፤ ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ሲወርዱ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። የደጋው ምንጭና የቆላው ጉድጓድ ውኃ አንድ አይደለም። እንግዲህ አንድ ወጣት በስልኩ የአሜሪካኖቹን ጭቅጭቅ አይቶ «ፍሎራይድ መርዝ ነው» ብሎ የጥርስ ሳሙናውን ቢጥል፣ ሌላው ደግሞ «ፍሎራይድ ለጥርስ ጥሩ ነው» የሚለውን ሰምቶ የቆላ ጉድጓድ ውኃ ያለ ሐሳብ ቢጠጣ፣ ሁለቱም ከባዕድ አገር ክርክር ቁራጭ ይዘው ቀርተዋል። ወሬው ዓለም አቀፍ ነው፤ ውኃው ግን የቀበሌ ነው። ለዚህ መልስ ሊሰጥ የሚችለው እዚህ ያለ ተመራማሪ ነው።

ወደ ቤታችን ከገባን አይቀር የሚያመውንም እንንካው። በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያ የአውሮፓውያን ዓመት ኢትዮጵያ በግጭት አዲስ በተፈናቀለ ሰው ብዛት ከዓለም አንደኛ ሆነች። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ፌስቡክ ነው የሚል ሰው ካለ አልስማማም፤ የመሬት፣ የወሰን፣ የአስተዳደር ጥያቄዎች ስልክ ሳይመጣ የነበሩ ናቸው። መገናኛ ብዙኃን በዚያ ጉዳይ በጎም ሠርተዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በገደብ ወረዳ ጎቲቲ የተጠለሉ ሰዎች ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ባይዞር ኖሮ፣ የተራቡት ሕፃናት ጉዳይ አዲስ አበባ ድረስ በዚያ ፍጥነት አይሰማም ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም በዚያው ወር ወደ ጌዴኦ መጡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ የቀጠለው ነው። ተፈናቃዩ «ተመለስ፣ ሰላም ሆኗል» ሲባል ማንን ያምናል? ሬዲዮውን? ካድሬውን? ትናንት ከዚያ የመጣውን የአጎቱን ልጅ? ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተነሡት ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 የኦሃዮን መራጮች ለወራት ደጋግመው ጠይቀው የደረሱበት ነገር እዚህ ይጠቅመናል። ጋዜጣና ሬዲዮ ብዙውን ሰው በቀጥታ አያዞሩትም፤ መጀመሪያ የሚሰሙት በየመንደሩ ነገር የሚከታተሉ፣ ጎረቤት የሚያምናቸው ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ከእነሱ ይሰማል። አሜሪካኖቹ ይህን እንደ ትልቅ ግኝት ጻፉት። የጌዴኦ ሰው ግን ሶንጎ የሚባል ሸንጎ አለው፤ ሽማግሌዎች ከሸንጎው መሪ ከሀይቻው ጋር ተቀምጠው የሰፈሩን ነገር የሚመረምሩበት። ጌዴኦና ጉጂ ሲጣሉ የሚታረቁበት ጎንዶሮም አለ። በእነዚህ ቦታዎች ወሬ እንዴት እንደሚጣራ፣ ማን የምን ወሬ ሲያመጣ እንደሚታመን፣ ስልክ የያዘው ወጣትና ሽማግሌው ሲለያዩ ማን እንደሚረታ፣ ይህ ለአንድ የጋዜጠኝነት ክፍል የብዙ ዓመት የምርምር ሥራ ነው። በጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የዞኑ ሰው በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሲሰጥም ቢሆን፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ መጠየቅ ከውጤቱ ያላነሰ ትምህርት ነበረው።

ምላስና ጥርስም ይጋጫሉ ይላል የአገሬ ሰው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ጥርሱ ስለሆነ ሐሳቤን በጥርስ ልጨርስ።

በብዙ የአገራችን አካባቢ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ይገለጣል። የውሻ ጥርሱ ሊወጣ ያበጠበት ነጣ ያለ ቦታ ይታያል። ጎረቤት «ግግ ነው» ትላለች፤ በስለት ወይም በሹል ብረት ይወጣል። የወጣው በሽታ አልነበረም፤ ያልበቀለ ጥርስ ነው። ሕፃኑ ሊደማ፣ ሊመረዝ፣ ቋሚ ጥርሱ ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። ተቅማጡ የመጣው ግን ልጁ መዳህ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚያስገባና ምግብ ስለጀመረ ነው፤ ብዙ ጊዜም በራሱ ይቆማል። ስለዚህ ግግ ያስወጣች እናት ልጇ ሲሻለው በዓይኗ አየች፤ ለሌላዋም ትመሰክራለች። ይህ ሐሰተኛ መረጃ ነው፤ ግን ዋሾ የለበትም። የተናገረችው ጎረቤት ልጁን ትወደዋለች። ብዙ የፖለቲካ ወሬም የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከሚወደን ሰው አፍ።

እንግዲህ የማቀርበው ሙከራ ይህ ነው። እናቶች ልጃቸውን በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት ለክትባት ያመጣሉ፤ የግጉ ወሬ ከመድረሱ በፊት ነው። አንዱ ቀበሌ የተለመደውን ምክር ያግኝ። ሌላው የደማ ድድ ፎቶ ይታየው። ሦስተኛው መጓየር እንዳለው የጎረቤትን ቃል አስቀድሞ ይስማ፦ «አንድ ቀን ነጭ ነገር ታያላችሁ፤ ግግ ነው ይሏችኋል፤ ጎረቤታችሁ የምትለው ስለምትወዳችሁ ነው። ያ ጥርስ ነው። ጡት አታቋርጡ፣ ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ኬላ ውሰዱ።» አራተኛው ይህንኑ መልእክት ከሶንጎ ሽማግሌና ከአንዲት የተከበረች እናት ይስማ። መልእክቱን የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከጤና ተማሪዎች ጋር ሆነው ያዘጋጁት፤ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ተቀርጾ በእናቶች ፊት ይፈተን። ዛሬ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም በ1996 ሲጀምር የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ አስተማሪና ሐኪም በአንድ አጥር ውስጥ መሥራት ለእሱ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ውጤቱን ለማወቅ እናቲቱን «አስወጥተሻል ወይ?» ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ሰው የሚጠየቀውን ያውቃል፣ የሚወደደውንም ይመልሳል። ልጁ በዘጠነኛው ወር ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ ድዱን ማየት ነው፤ ጠባሳው ራሱ ይናገራል።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ጥናቱ በጌዴኦ ወሰን አይቁም። የምዕራብ ጉጂ ሕፃናትም ድዳቸው ያብጣል፤ ቡሌ ሆራም ዩኒቨርሲቲ አለ። አንድ ዓይነት ቅጽ በጌዴኡፋና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ፣ በሁለቱም በኩል ካሉ የወሰን ቀበሌዎች ቢጀመር፣ የሁለቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአንድ ጤና ኬላ ተቀምጠው የሕፃን አፍ እያዩ መዝገብ ይሞላሉ። ወጪው የአንድ የምርጫ ሰሞን የቅስቀሳ ባነር ያህል እንኳ አይሆንም። ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እሰማለሁ፤ በተለይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዚህ ካላችሁ፣ ከሁሉ በፊት መናገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።